በሕግ በር የገባ ቸርነት

ባለጸጋ ሰው በወንጀል ተከሶ ፍርዱ ሲላላለት ሕዝብ በመጀመሪያ የሚጠረጥረው ጉቦን ነው፤ ይህም ጥርጣሬ ከጥንት የወረደና ብዙ ጊዜም እውነት ሆኖ የተገኘ ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን በዘመናችን ጋዜጠኞች ተከታትለው ከገለጧቸው ከዚህ ዐይነት ጉዳዮች ዋና ዋናዎቹን በትዕግሥት ለመረመረ ሰው፣ ከጉቦ ይልቅ የሚያስጨንቅ ሌላ ነገር ይታየዋል፤ ይኸውም ዳኛ ሳይደለል፣ የሐሰት ምስክርም ሳይቆም፣ ሕጉ ራሱ ለሁሉ በከፈታቸው በሮች እየተገባ፣ ከባዱ በደል በየደረጃው እየቀለለ ሄዶ በመጨረሻ እንደ ተራ ጥፋት የሚቈጠርበት መንገድ መኖሩ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር የሚከታተል ጋዜጠኛ «ጉቦውን ማን ተቀበለ?» ብሎ ቢነሣ ባዶ እጁን የሚመለስበት ጊዜ ይበዛል፤ «ይህን የወሰነው ባለሥልጣን ማን ነው? ማንን ሰምቶ ወሰነ? ማንንስ ሳይሰማ ቀረ?» ብሎ ቢነሣ ግን መዝገቡ ራሱ ይመልስለታል። የዚህ ዳሰሳ ሐሳብ በዚህ በሁለተኛው አጠያየቅ ላይ ያተኮረ ነው፤ ለዚህም ከሁሉ ይልቅ ማስረጃው የተሟላው የአሜሪካዊው ባለጸጋ የጄፍሪ ኤፕስቲን ጉዳይ ስለ ሆነ፣ በእርሱ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እንቆያለን።

ነገሩ የተጀመረው በፍሎሪዳ ግዛት፣ ባለጸጎች በብዛት በሚኖሩባት በፓልም ቢች ከተማ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2005 ዓ.ም. በማርች ወር የአንዲት የ14 ዓመት ልጃገረድ ቤተ ሰቦች፣ ልጃቸው ገላ ለማሸት ተብላ ወደ ኤፕስቲን ቤት መወሰዷንና በዚያም በክብሯ ላይ ነውር የተፈጸመባት መሆኑን ለከተማው ፖሊስ አመለከቱ። መርማሪው ጆሴፍ ሬካሪ ቃል ከቃል እያገናኘ በሄደ መጠን የአንዲቱ ልጅ ነገር የአንዲቱ ብቻ አለመሆኑን ተረዳ፤ አንዷ ሌላዋን፣ ሌላዋም ሦስተኛዋን እየጠቈመች፣ ብዙዎቹ ከድኻ ቤት የመጡ ልጆች ተመሳሳይ ቃል ሰጡ። በኦክቶበር ወር ፖሊሶች ቤቱን በፍርድ ቤት ፈቃድ ሲፈትሹ ኮምፒውተሮቹ አስቀድመው ከየቦታቸው ተነሥተው ነበር።

በ2006 በሜይ ወር ፖሊስ በርከት ያሉ ክሶች እንዲመሠረቱ ሲጠይቅ፣ የአውራጃው ዐቃቤ ሕግ ባሪ ክሪሸር ክሱን ራሱ በቀጥታ በመመሥረት ፋንታ ጉዳዩን «ግራንድ ጁሪ» ለሚባለው፣ ከተራ ዜጎች ተውጣጥቶ በምስጢር ለሚሰበሰበው ሸንጎ አቀረበው። ይህን ማድረግ ሥልጣኑ ነው፤ ሕግ ተላለፈ ሊለው የሚችል ሰው የለም። ነገር ግን በዚያ ሸንጎ ፊት የትኛው ማስረጃ እንዲቀርብና ስንት ምስክር እንዲሰማ የሚመርጠው ዐቃቤ ሕጉ ስለ ሆነ፣ ሸንጎው የሚያየው የተገለጠለትን ያህል ብቻ ነው። በጁላይ የወጣውም ክስ አንድ ብቻ ሆነ፤ እርሱም ሰውን ለዝሙት በገንዘብ መጠየቅ የሚል ነበር፤ ልጆቹ አካለ መጠን ያላደረሱ መሆናቸው በክሱ ውስጥ አልተነገረም። በፍሎሪዳ ሕግ ከ18 ዓመት በታች የሆነች ልጅ እንዲህ ላለው ነገር ፈቃድ ለመስጠት የማትበቃ ሆና ሳለ፣ ክሱ ከተበዳይነት አውጥቶ የነውሩ ተካፋይ አደረጋት። የፖሊሱ አዛዥ ማይክል ራይተር ዐቃቤ ሕጉ ራሱን ከጉዳዩ ያገል እንደ ሆነ እንዲያስብበት አስቀድሞ በደብዳቤ ጠይቆት ነበር፤ ይህም ፍሬ ሳያፈራ በቀረ ጊዜ መዝገቡን ለፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ፣ ለኤፍ ቢ አይ፣ አሳለፈ። አንድ የትንሽ ከተማ ፖሊስ አዛዥ በየቀኑ አብሮት ለሚሠራው ዐቃቤ ሕግ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ለመጻፍ ምን ያህል ድፍረት እንደሚያስፈልገው፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

በፌዴራሉ ዘንድ የነገሩ መልክ በመጀመሪያ ሌላ ነበር። በደቡብ ፍሎሪዳ ጉዳዩን የያዘችው ረዳት ዐቃቤ ሕግ በ2007 ከ50 ገጽ የሚበልጥ የክስ ረቂቅ አዘጋጅታ ለአለቆቿ አቀረበች። በወዲያኛው ወገን የቆሙት ጠበቆች ደግሞ የሃርቫርዱ የሕግ መምህር አለን ደርሾዊትዝ፣ ፕሬዚዳንት ክሊንተንን የመረመረው ኬኔት ስታር፣ የማያሚው ስመ ጥር ተሟጋች ሮይ ብላክ፣ ሌሎችም ነበሩ። እነዚህ ሊቃውንት ለወራት ደብዳቤ ሲጽፉ፣ ስብሰባ ሲጠይቁ፣ በታችኛው ሹም ያልተሳካላቸውን ወደ ላይኛው ሹም ሲያመለክቱ ቆይተው፣ በ2007 በሴፕቴምበር 24 ቀን የመሥሪያ ቤቱ የበላይ በነበረው በአሌክሳንደር አኮስታ ሥልጣን አንድ ስምምነት ተፈረመ። በስምምነቱ መሠረት የፌዴራሉ መንግሥት ክሱን ይተዋል፤ ኤፕስቲን በግዛቱ ፍርድ ቤት በሁለት ክሶች ጥፋተኝነቱን ያምናል፤ በስም የተጠሩ አራት ሰዎችና ስማቸው ያልተጠራ፣ በተባባሪነት ሊጠረጠሩ የሚችሉ ሁሉ፣ አይከሰሱም። ይህን የመጨረሻውን አንቀጽ ደጋግሜ ባነበብሁት ቍጥር ይገርመኛል፤ ዐቃቤ ሕግ ስማቸውን ላልጻፈው፣ ምናልባትም ማንነታቸውን ለማያውቃቸው ሰዎች ከምርመራው በፊት ስርየት የሰጠበት ነውና።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ለተበዳዮቹ የተደረገው ነው። በ2004 የወጣው የፌዴራሉ የወንጀል ተበዳዮች መብት ሕግ ዐቃቤ ሕግ ከተበዳዩ ጋር እንዲመካከርና በርትዕ እንዲያስተናግደው ያዝዛል፤ ልጆቹ ግን ስምምነቱ ከተፈረመ ከወራት በኋላ፣ በ2008 በጃንዋሪ፣ ጉዳዩ ገና በምርመራ ላይ መሆኑን የሚነግርና እንዲታገሡ የሚለምን ደብዳቤ ደረሳቸው። ስምምነቱ በምስጢር ተይዞ ነበር። በጁን 30 ቀን 2008 ኤፕስቲን በፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋቱን ሲያምን 18 ወር እስራት ተፈረደበት፤ ከዚህም የታሰረው ወደ 13 ወር ያህል ብቻ ነው። እስራቱም በግዛቱ ወህኒ ቤት ሳይሆን በአውራጃው ማረፊያ ለብቻው በተሰጠው ክፍል ሲሆን፣ በሳምንት 6 ቀን፣ በቀን እስከ 12 ሰዓት ድረስ ወደ ግል ቢሮው እየወጣ እንዲውል ተፈቀደለት፤ አጅበው የሚጠብቁትን የሸሪፍ ባልደረቦች የትርፍ ሰዓት ክፍያ የሚከፍለውም ራሱ እስረኛው ነበር።

ይህ ሁሉ በመዝገብ ተጽፎ፣ ከፊሉም በአካባቢው ጋዜጣ በፓልም ቢች ፖስት ታትሞ ሳለ፣ ነገሩ ለ10 ዓመት ያህል እንደ ተዘጋ ቆየ። የከፈተችው የማያሚ ሄራልድ ጋዜጠኛ ጁሊ ብራውን ናት። ይህች ሴት ከዚያ በፊት የምትጽፈው ስለ ፍሎሪዳ ወህኒ ቤቶች ነበር፤ ድኾች እስረኞች በዚያ የሚደርስባቸውን መከራ፣ ድብደባና ሞት ስትመረምር የኖረች ናት። ከዚህ የተነሣ የኤፕስቲንን አታሳሰር ስታነብ እንደ ሌላው አንባቢ «እንዴት ያለ ዕድለኛ ነው!» ብላ የምታልፍ አልሆነችም፤ በዚያው ግዛት ወህኒ ማለት ለሌላው ሰው ምን እንደ ሆነ በዐይኗ አይታለችና ልዩነቱን የምትለካበት ሚዛን በእጇ ነበር። ወደ ነገሩ የሳባት አኮስታ በ2017 ለሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትርነት መታጨቱ ነው፤ ይህን ስምምነት ያጸደቀ ሰው የሠራተኞችን መብትና በሰው መነገድን የሚከላከሉ ሕጎች በሚያስፈጽም ወንበር ላይ ሲቀመጥ ተበዳዮቹ ምን ይሉ ይሆን ብላ ጠየቀች። ልብ አድርጉ፤ ጥያቄው ስለ ባለጸጋው አልነበረም፤ ስለ ሹሙ ነበር።

አሠራሯም ከጥያቄዋ ጋር የሚስማማ ነበር። ስማቸው በጥቍር ቀለም ከተሰረዘባቸው የፖሊስ ወረቀቶችና ከፍትሐ ብሔር ክርክር መዛግብት እየለቀመች ወደ 80 የሚሆኑ ተበዳዮች መኖራቸውን ለየች፤ ብዙዎቹን ፈልጋ አገኘች፤ 8ቱ ሊያነጋግሯት ፈቀዱ፤ ከእነዚህም 4ቱ ፊታቸውን ሳይሸፍኑ ተናገሩ። በዚያን ጊዜ ሁሉም ዕድሜያቸው ወደ 30 የተጠጋ ወይም ያለፈ ሴቶች ነበሩ። ጠበቆቹና ዐቃብያነ ሕጉ የተጻጻፏቸውን ደብዳቤዎችም ሰብስባ በቀናቸው ቅደም ተከተል ስታኖራቸው፣ ተከራካሪ የነበሩ ሁለት ወገኖች እየቆዩ ስምምነቱ ለተበዳዮችና ለጋዜጦች በማይታወቅበት ዘዴ ላይ በአንድነት ሲመካከሩ የሚታይበት ጽሑፍ ሆነ። ዝም ብለው የኖሩት ሁለቱ የፖሊስ ሰዎች፣ ሬካሪና ራይተርም፣ ለእርሷ ተናገሩ፤ ሬካሪ ግን ጽሑፉ በ2018 በኖቬምበር 28 ቀን መታተም ከመጀመሩ ከወራት በፊት ዐረፈ።

የሆነው ሁሉ ከዚያ በኋላ በፍጥነት ሆነ፤ የታወቀ ስለ ሆነም አላስረዝመውም። በ2019 በጁላይ 6 ቀን ኤፕስቲን በኒው ዮርክ ዐቃቤ ሕግ ትእዛዝ ተያዘ፤ ዐቃቤ ሕጉ ጄፍሪ በርማን የጋዜጠኞች ምርመራ እንደ ረዳቸው በአደባባይ መሰከረ፤ አኮስታ በሳምንቱ ሥልጣኑን ለቀቀ፤ ኤፕስቲን በኦገስት 10 ቀን በእስር ቤት ሞቶ ተገኘ፤ የአስከሬን መርማሪዋም ራሱን እንዳጠፋ ወሰነች። ተባባሪው ጊሌን ማክስዌል በ2021 ጥፋተኛ ተብላ በ2022 የ20 ዓመት እስራት ተፈረደባት።

ይህን የጋዜጠኛ ድል የሚያወድሱ ብዙዎች ናቸው፤ እኔም አብሬ አወድሳለሁ። ነገር ግን ጋዜጦችና መጽሔቶች ራሳቸው ለዚህ ሰው ካደረጉት ቸርነት ጋር ካልተመዘነ ምስጋናው ሙሉ አይሆንም። በ2003 አንድ ታላቅ የኒው ዮርክ መጽሔት ስለ እርሱ ሀብትና ወዳጆች ረጅም ጽሑፍ ሲያወጣ፣ ሁለት እኅትማማቾች ለጸሓፊዋ የሰጡት ክስ በኅትመቱ ሳይገባ ቀርቷል፤ አንድ የታወቀ ቴሌቪዥን በ2015 ከአንዲት ተበዳይ ጋር ያደረገውን ቃለ ምልልስ ሳያስተላልፍ ቀርቷል። በየጋዜጣው ደግሞ ለዓመታት ልጆቹ በዝሙት አዳሪነት ስም ሲጻፉ ኖረዋል። ይህ ስም ከየት እንደ መጣ ከላይ አይተናል፤ ዐቃቤ ሕጉ በክሱ ውስጥ ያኖረውን ቃል ጋዜጠኛው ሳይመረምር ተቀብሎ ያተመው ነው። ስለዚህ ጋዜጠኛ የፍርድ ቤትን ቋንቋ በጥንቃቄ መድገም እንደ ታማኝነት በሚቈጠርበት ሙያ ውስጥ፣ ታማኝነቱ ራሱ ለሐሰት መተላለፊያ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ የባለጸጋን ፍርድ መጠየቅ ምንጊዜም መልካም ነውን? አይደለም፤ ለዚህም የክሊቭላንድ ከተማን ታሪክ ማንሣት ይገባል። በ1954 በጁላይ ወር በኦሃዮ ግዛት የሐኪሙ የሳም ሼፓርድ ሚስት በቤቷ ተገድላ ስትገኝ፣ ክሊቭላንድ ፕሬስ የተባለው ጋዜጣ ይህ ሰው ባለ ሆስፒታል ከሆነ ቤተ ሰብ የተወለደ ስለ ሆነ ፖሊስ እየራራለት ነው በማለት በፊት ገጹ ላይ ተደጋጋሚ ጽሑፍ አወጣ፤ ለምን በሕዝብ ፊት እንደማይመረመር፣ ቀጥሎም ለምን እንዳልታሰረ ጠየቀ። ሰውዬው ታሰረ፤ በዚያው ዓመት ተፈረደበት፤ 10 ዓመት ያህል በወህኒ ቆየ። በ1966 ግን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጋዜጦች ባነሡት ሁከት ምክንያት የቀና ፍርድ አላገኘም ብሎ ፍርዱን ሻረው፤ በዚያው ዓመት እንደገና ተከሶ ነጻ ወጣ።

በላይ በላዩ ለሚያነብ ሰው የክሊቭላንዱና የማያሚው ጥያቄ አንድ ነው፤ ሁለቱም ባለጸጋ ለምን በቸርነት ይታያል ይላሉ። ነገር ግን ክሊቭላንድ ፕሬስ ጥያቄውን ያቀናው ወደ ተጠርጣሪው አንገት ሲሆን፣ ፍርዱንም አስቀድሞ ፈርዶ ነበር፤ ማያሚ ሄራልድ ግን ምርመራውን ያደረገው ሰውዬው ራሱ በፍርድ ቤት ካመነ፣ ቅጣቱም ካለቀ በኋላ፣ በፈረሙት ባለሥልጣኖች እጅ ጽሑፍ ላይ ነው። የመጀመሪያው የዳኛን ወንበር የሚሻማ ነው፤ ሁለተኛው ዳኛውና ዐቃቤ ሕጉ ለወንበራቸው የታመኑ መሆናቸውን የሚጠይቅ ነው። አንዱን ከሌላው መለየት ያቃተው ጋዜጠኛ ቢቀር ይሻላል እላለሁ።

ይህ አጠያየቅ በአሜሪካ ብቻ የተወሰነ አይደለም። በታይላንድ ዋና ከተማ በባንኮክ በ2012 በሴፕቴምበር 3 ቀን የሬድ ቡል መጠጥ ባለቤቶች ወራሽ የሆነው ቮራዩት ዩቪዲያ በፌራሪ መኪና ሲሄድ አንድ በሞተር ብስክሌት ላይ የነበረ ፖሊስ ገጭቶ ገደለ ተብሎ ሲፈለግ፣ በሕግ ሰዎች ፊት ለሚቀርብበት ቀጠሮ ማራዘሚያ ከማራዘሚያ እየተሰጠው በፍጥነት የመንዳቱ ክስ በይርጋ ታገደ። ሰውዬው አልተገኘም በሚባልበት ዘመን የአሶሺዬትድ ፕሬስ ጋዜጠኞች ወዳጅ ዘመዶቹ በኢንተርኔት የለጠፏቸውን ፎቶግራፎች በመከተል በየአገሩ በድሎት ሲዘዋወር እንደ ነበር በ2017 አሳዩ፤ በዚያው ዓመት የመያዣ ትእዛዝ ወጣ፤ እርሱ ግን አስቀድሞ ከአገር ወጥቶ ነበር። በ2020 ዐቃቤ ሕጉ ክሱን ማንሣቱ በታወቀ ጊዜ ሕዝቡ ተቈጣ፤ መንግሥት ያቆመውም አጣሪ ኮሚቴ በመጀመሪያ በሰዓት 177 ኪሎ ሜትር የተባለው ፍጥነት በኋላ ከ80 በታች ሆኖ የተመዘገበበትን መንገድ ሲከታተል፣ ከፖሊስ እስከ ዐቃቤ ሕግ የተያያዘ ሤራ መኖሩን አስታወቀ። እዚህ ላይ ሕጋዊው በርና ሕገ ወጡ በር ጎን ለጎን ተከፍተዋል፤ ነገር ግን ለዓመታት ነገሩን ያቈየው ማንም ሊከለክለው የማይችለው ቀጠሮ ነበር።

በቴክሳስ በ2013 አንድ የ16 ዓመት የባለጸጋ ልጅ ሰክሮ መኪና ሲነዳ 4 ሰዎች ገድሎ ሳለ፣ ለመከላከያ የቀረበው የሥነ ልቡና ባለሙያ ልጁ በሀብት ብዛት ተቀማጥሎ ስላደገ ጥፋትንና ቅጣትን ማያያዝ እንደማያውቅ መሰከረ፤ ዳኛዋም እስራት ሳይሆን 10 ዓመት በክትትል እንዲቆይ ወሰነች። ዳኛዋ በዚያ ምስክርነት መወሰኗን አልተናገረችም፤ የወጣት ጥፋተኛን ከመቅጣት ይልቅ ማረም የሚገባ መሆኑም መልካም ሕግ ነው። ጋዜጦች የጮኹበት የምስክሩ አስቂኝ ቃል ነው፤ የሚጠቅመው ጥያቄ ግን ያችው ዳኛ በሌሎች የድኻ ልጆች ላይ በተመሳሳይ ጥፋት ምን ፈርዳ ነበር የሚለው ሲሆን፣ ጥቂቶች ብቻ ጠየቁት።

ወደ ኤፕስቲን ጉዳይ ስንመለስ፣ የሹሞቹንም መልስ ሳይሰሙ ማለፍ ከላይ በክሊቭላንዱ ጋዜጣ የነቀፍነውን መድገም ነው። አኮስታ በ2019 በጋዜጠኞች ፊት ቆሞ ሲናገር፣ የአውራጃው ዐቃቤ ሕግ ሰውዬውን ያለ እስራት ሊለቀው ነበርና እኛ ጣልቃ ገብተን አሳሰርነው፣ በወሲብ ወንጀለኞችም መዝገብ አስመዘገብነው፤ ምስክሮቹ የሚፈሩ ልጆች ስለ ነበሩ ጉዳዩን ወደ ችሎት መውሰድ ዕጣ እንደ መጣል ይሆን ነበር ብሏል። ክሪሸር በበኩሉ የፌዴራሉ ዐቃቤ ሕግ ክስ ለመመሥረት የእርሱን ፈቃድ አይጠይቅም ብሎ መለሰለት። የፍትሕ ሚኒስቴሩ የሥነ ምግባር ቢሮ በ2020 በሰጠው ውሳኔ አኮስታ ማስተዋል የጐደለው ውሳኔ ወስኗል እንጂ የሙያ ግዴታውን አልተላለፈም አለ። ይህ ብይን ብዙዎችን አስቈጥቷል፤ እኔን ግን ያሳመነኝ መሰለኝ፤ ሕጉ ለዐቃቤ ሕግ የሰጠው ፈቃደ ሥልጣን ይህን ያህል ሰፊ ስለ ሆነ፣ እንዲህ ያለውን ስምምነት ሳይፈነዳ በውስጡ ይይዛል።

በአሜሪካ የወንጀል ጥፋተኝነት ከ100ው ከ90 በላይ የሚሆነው ያለ ክርክር፣ በድርድር ያልቃል። ድርድሩ ለድኻም ክፍት ነው፤ ነገር ግን ድኻው በመንግሥት የተመደበለት ጠበቃ ከብዙ መዛግብት መካከል ጥቂት ደቂቃ ሰርቆ የሚነግረውን ውል ይቀበላል፤ ባለጸጋው የውሉን ቃል በቃል ያስጽፋል። ስለዚህ «ለሁሉም እኩል የሆነ ሕግ» ሲባል፣ ወረቀቱን የማስረዘም አቅም በማን እጅ እንዳለ አብሮ መጠየቅ ይኖርበታል።

የኤፕስቲን ጉዳይ የቀረበበት የግራንድ ጁሪው ቃለ ጉባኤ እንኳ የተገለጠው ፓልም ቢች ፖስት ለዓመታት ተሟግቶና የፍሎሪዳ ሕግ በ2024 ተሻሽሎ ነው። በጁላይ 1 ቀን 2024 ሲወጣ፣ በ2006 በሸንጎው ፊት የቀረቡት ልጆች ያደረጉት ነገር ወንጀል መሆኑን ያውቁ እንደ ነበር ሲጠየቁ ይነበባል። የፌዴራሉን ስምምነት በሚመለከት ደግሞ ዳኛው ኬኔት ማራ በ2019 በፌብሩዋሪ ዐቃብያነ ሕጉ የተበዳዮችን መብት ሕግ ጥሰዋል ብለው ፈርደው ነበር። ከአንዲቱ ተበዳይ ጋር የተደረገው ክርክር ግን ወደ ላይኛው ፍርድ ቤት ሲደርስ፣ በ2021 በኤፕሪል የ11ኛው ክፍል የይግባኝ ፍርድ ቤት ዳኞች 7 ለ4 በሆነ ድምፅ፣ ሕጉ ተበዳይ ራሱ ፍርድ ቤት ቆሞ እንዲጠይቅ የሚፈቅደው ክስ ከተመሠረተ በኋላ ብቻ ነው ብለው ወሰኑ። ስምምነቱ ደግሞ ክስ እንዳይመሠረት የተፈረመ ስለ ሆነ፣ ክስ አልነበረም፤ ክስ ስላልነበረም ተበዳይዋ የምትቆምበት ስፍራ አልተገኘም። በ2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይግባኙን አልመለከትም አለ፤ የ11ኛው ክፍል ብይንም በፍሎሪዳ፣ በጆርጂያና በአላባማ ያሉትን የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሁሉ የሚያስገድድ ነው።